የኮሚክ ታሪክ መጻፍ እንዴት ይለመዳል? የሐረጎዋ ሚኒባስ ጉዳይ

የሐረጎ ተመላላሽ፦

ሰላም ለቤቱ።

የምኖረው ደሴ ነው፣ የምሠራው ኮምቦልቻ። ጠዋት በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ተራራ እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። መንገድ ላይ በስልኬ አጫጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ቴሌግራም ላይ የሚያነቡኝ ጥቂት ሰዎች አሉ፣ አላህ ይስጣቸው። አሁን ደግሞ ኮሚክ፣ ማለት በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ፣ መጻፍ አምሮኛል።

ሠዓሊ አለችኝ። የአክስቴ ልጅ ናት። ታፔላ ትጽፋለች፣ የባጃጅ ጀርባ ላይ አንበሳና ንስር ትስላለች። ሰው ከሳለች ደግሞ ማንን እንደሳለች ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ታሪኩን ላክሁላት። አንብባ ስትጨርስ "ሸጋ ነው፣ ግን እኔ ምኑን ልሳለው?" አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው ስላት "እሱን አንተ እወቀው፣ ጸሐፊው አንተ ነህ" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ኢብራሂም የሚባል የሚኒባስ ረዳት አለ። ማታ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ 12 ሰው ጭነው ይወጣሉ። ሐረጎ ላይ ጭጋግ ይይዛቸዋል። ማንም አልወረደም፣ ማንም አልተሳፈረም። ኢብራሂም ሲቆጥር ግን ሰዎቹ 13 ናቸው።

አንድ አንቀጽ ልለጥፍላችሁ፦

"ሐረጎ ጭጋጉን እንደ ጋቢ ተከናንቧል። ኢብራሂም ከልጅነቱ ጀምሮ ጭጋግ አይወድም። አባቱን ያጣው በእንዲህ ያለ ምሽት ነው። ሚኒባሷ እያቃሰተች ትወጣለች። ድንገት ቆመች። በሩን ከፈተ፣ ወረደ፣ የኋላውን ጎማ አየ፣ ተመልሶ ገባና ሒሳብ መሰብሰብ ጀመረ። የጫኑት አሥራ ሁለት ሰው ነበር። አሁን ሲቆጥር አሥራ ሦስት ሆነ። ላብ አጠመቀው።"

16 ገጽ እንዲሆን ነው ያሰብኩት። ስክሪፕቱ ምን ዓይነት መልክ ነው ያለው? ገጹ በስንት ሳጥን እንደሚከፈል የሚወስነው ማነው፣ እኔ ወይስ እሷ? አንድ ገጽ ስንት ቃል ይችላል? ሰዎቹስ እንደኛው እንደ ወሎዬ ቢያወሩ ሌላ አገር ያለ አንባቢ ይቸገር ይሆን?


ዘመነኛው፦

ወንድሜ፣ በዚህ ዘመን ኮሚክ የሚያነብ የለም። ያቺን ታሪክ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሥራትና ቲክቶክ ላይ ልቀቃት። በዚያ ላይ 12 ሰው ብቻ የጫነ ሚኒባስ በእኛ መስመር ራሱ ተአምር ነው። ታሪኩ እዚያው ላይ ማለቅ ነበረበት 😂


ባለ ቡሩሹ፦

የሐረጎ ተመላላሽ፣ አብሽር። ዘመነኛውን አትስማው፣ ቀልዱን ብቻ ውሰድለት። ቀልዱ ይጠቅምሃል፣ እመለስበታለሁ።

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ታፔላ ስጽፍ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የጤና ፖስተርም፣ የተማሪ መጽሐፍ ሥዕልም ሠርቻለሁ። የምነግርህ እንግዲህ ከሠዓሊው ወንበር ሆኜ ነው። የኮሚክ ስክሪፕት አንባቢው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ሠዓሊው። ሕዝቡ የሚያየው ሥዕሉንና አረፋው (ከተናጋሪው አጠገብ የምትሳለው ክብ) ውስጥ ያለችውን ንግግር ነው፣ ሌላው ጽሑፍህ ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል። አንተ የጻፍከው ለቴሌግራም ወዳጆችህ ነው። ለአክስትህ ልጅ ጻፍላት።

እስቲ አንቀጽህን በእሷ ዓይን እናንብበው።

"ሐረጎ ጭጋጉን እንደ ጋቢ ተከናንቧል።" ምን ልሳል? ጋቢ? ጭጋጉን ነው የምስለው። ጋቢው ላንተ ይቅርልህ።

"ከልጅነቱ ጀምሮ ጭጋግ አይወድም።" ከልጅነቱ ጀምሮ የሚባል ነገር በእርሳስ አይወጣም። አለመውደድ ግን ይሳላል። ጭጋግ የማይወድ ረዳት ምን ያደርጋል? መስታወቱን በእጅጌው ይጠርጋል። ገጽ 2 ላይ ይጥረግ፣ ገጽ 4 ላይ ይጥረግ፣ ገጽ 6 ላይ ይጥረግ። ሦስተኛው ላይ አንባቢው ራሱ "ይሄ ልጅ ምን ሆኗል?" ይላል። አንተ ምንም አልተናገርክም።

"አባቱን ያጣው በእንዲህ ያለ ምሽት ነው።" ይቺን አትጣላት፣ ግን አትናገራት። መኪናዋ ድሮ የአባቱ ነበረች እንበል። ጋቢናው ውስጥ፣ ከሹፌሩ ራስ በላይ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ ይሰካ። ይቺው ሚኒባስ አጠገብ የቆመ ሰው ነው። ገጽ 2 ላይ በአንድ ሳጥን ጥግ ትታይ። ማንም አያስተውላትም። ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። "በሩን ከፈተ፣ ወረደ፣ ጎማውን አየ፣ ተመልሶ ገባ።" አንድ ሳጥን የሚይዘው አንድ ቅጽበት ነው። በአንድ ሳጥን ውስጥ ያለ ሰው በር እየከፈተ መውረድና ጎማ ማየት አይችልም፤ አንዱን ብቻ ነው። አንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍከው ነገር እሷን አራት ሳጥን ያስስላታል። አንድ ገጽ በአማካይ አምስት ስድስት ሳጥን ነው የሚይዘው። ለአንድ ጎማ ይሄን ሁሉ?

እኔ ብሆን ሁለት ሳጥን አደርገዋለሁ። በመጀመሪያው እግሩ አስፋልቱን ሲረግጥ፣ በሩ ከኋላው ክፍት እንደሆነ። በሁለተኛው በሩን ከውስጥ ሆኖ ሲዘጋ። በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ያለችውን ነጭ ክፍተት አንባቢው በራሱ ሐሳብ ይሞላታል። ወረደ፣ አየ፣ ተመለሰ ብሎ ያልፋል። እና ወንድሜ፣ 13ኛው ሰውዬ የሚገባውም በዚያች ነጭ ክፍተት ውስጥ ነው! በሩ ክፍት ነበራ። አንባቢው እዚያው ነበር፣ ግን አላየም። ይሄን ልብ ወለድህ ውስጥ ልታደርገው አትችልም፣ ፊልምም ላይ ይከብዳል። ኮሚክ ግን የተሠራው ለዚሁ ነው።

ሌላው የገጽ መገለጥ ነው። ትንሽ መጽሔት ክፈትና እይ። ገጽ 1 ብቻውን በቀኝ ነው። ከዚያ 2 እና 3 ጎን ለጎን፣ 4 እና 5 ጎን ለጎን እያለ ይሄዳል። አንባቢ ገጹን ሲገልጥ ሁለቱንም ገጽ ባንድ ዓይን ገረፍ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ገጽ 9 ላይ ያስቀመጥከው ድንጋጤ ገጽ 8ን ሳያነብ ይታየዋል፣ ከሰረ ማለት ነው። የሚያስደነግጥ ነገር ሁልጊዜ በግራ፣ በተጋማሽ ቁጥር ገጽ ይሁን፤ 4፣ 8፣ 12። ከእሱ በፊት ያለው የቀኝ ገጽ የመጨረሻ ሳጥን ደግሞ አንባቢውን ገጹን እንዲገልጥ የሚያስገድድ ጥያቄ ይያዝ።

የስክሪፕት መልክ ብለሃል። በዓለም ላይ አንድ የተወሰነ ሕግ የለውም። ሠዓሊዋ ከገባት ልክ ነው። እኔ እንዲህ ቢጻፍልኝ ደስ ይለኛል፦

ገጽ 7 (ቀኝ፣ 5 ሳጥን)
ሳጥን 1፦ መኪናው ውስጥ። ከኢብራሂም ጀርባ ሆነን ነው የምናየው። ጎንበስ ብሏል። መብራቷ ደብዛዛ ናት። የተሳፋሪዎች ራስ ብቻ ይታያል፣ ፊት አይለይም። ኢብራሂም፦ "ሒሳብ ከኋላ!"
ሳጥን 2፦ እጁ በቅርብ። የታጠፉ ብሮች በጣቶቹ መካከል። ንግግር የለም።
ሳጥን 3፦ ፊቱ። ኢብራሂም፦ "የአሥራ ሁለት ሰው። ልክ ነው።"
ሳጥን 4፦ ስፖኪዮው ብቻ። በውስጡ የሹፌሩ ዓይኖች ወደ ኋላ ያያሉ። ሹፌሩ፦ "አንተ፣ ትርፍ ጭነሃል እንዴ?"
ሳጥን 5፦ ኢብራሂም ወደ ኋላ እየዞረ። ኢብራሂም፦ "ኧረ አያ፣ ወላሂ አልጫንኩም!"

ገጽ 8 (ግራ፣ ሙሉ ገጹ አንድ ሳጥን)
ከጋቢናው ወደ ኋላ። ሁሉም ፊቶች ወደ እኛ። 13 ናቸው። ንግግር የለም።

አየህ፣ "አሥራ ሦስት ሆኑ" የሚል ሰው የለም። የሚቆጥረው አንባቢው ነው። ጣቱን አውጥቶ እንደሚቆጥር እወራረድሃለሁ። እንዲቆጥር ግን ገጽ 3 ላይ ሲሳፈሩ 12ቱን አስተዋውቀው። በስም አይደለም። አንዷ ዘንቢል ይዛለች። አንዱ የጫት ፌስታል። አንዱ ቢጫ ጀሪካን ታቅፏል። ተማሪዋ ደብተሯን፣ ሼሁ መቁጠሪያቸውን። እንዲህ እያልክ 12ቱን ጨርስና ማን የት እንደተቀመጠ በወረቀት ላይ ንድፍ ሥራላት። ሠዓሊዋ ገጽ 3 ላይ በመስኮት በኩል ያስቀመጠቻትን ሴትዮ ገጽ 8 ላይ በር አጠገብ ከሳለቻት ታሪክህ ሞተ። ጥፋቱ ደግሞ የእሷ አይደለም፣ ያልነገርካት አንተ ነህ።

ስለ ዘመነኛው ቀልድ። "ትርፍ ጭነሃል እንዴ" ያልኩት ከእሱ ወስጄ ነው። 13ኛ ሰው ያየ ረዳት መጀመሪያ ጅን አይፈራም። ትራፊክ ፖሊስ ነው የሚፈራው! ቀጥሎ "ሳይከፍል የገባው ማነው" ብሎ ይናደዳል። ፍርሃቱ በመጨረሻ ነው የሚመጣው። ሰው ገጠመኝ ሲያጋጥመው ቶሎ ብሎ ወደ ላይኛው ነገር አይሄድም፣ በኪሱ በኩል ነው የሚጀምረው። ታሪክህ የኛ አገር ታሪክ የሚሆነውም በዚህ ነው።

ሳጥኑን ማን ይከፍለዋል ላልከው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እኔ ከላይ እንደጻፍኩት ጸሐፊው ሁሉንም ከፋፍሎ ይሰጣል። ሁለተኛው ጸሐፊው ታሪኩን በአጭሩ ይነግርና ሠዓሊው ሳጥኑን እንደፈለገ ከፋፍሎ ይስላል፤ ንግግሩ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ማርቭል የተባለው ድርጅት በፈረንጆቹ 1960ዎቹ በዚህ መንገድ ነው ብዙውን የሠራው። ስታን ሊ ሐሳቡን ይሰጣል፣ ጃክ ከርቢና ሌሎቹ ሠዓሊዎች ይስላሉ፣ ከዚያ ስታን ሊ ንግግሩን ይሞላል። ፈጣን ነበር። በኋላ ግን "ይሄን ገጸ ባሕርይ የፈጠረው ማነው?" የሚል ጭቅጭቅ አመጣ፤ ዛሬም አንባቢዎቹ ይከራከሩበታል። ለጀማሪ የመጀመሪያውን እመክራለሁ። እሷ "ይሄ ሳጥን ለሁለት ይከፈል" ካለችህ ግን አትከራከራት። ዓይኗ ከብዕርህ ይበልጣል።


የሐረጎ ተመላላሽ፦

አያ ባለ ቡሩሹ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎት። ያቺ የነጭ ክፍተት ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። ዛሬ ማታ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የሰው ራስ ስቆጥር ነው የመጣሁት። ረዳቱ "ምን ሆነሃል?" ብሎኛል።

ንግግሩ ላይ ነው አሁን የተቸገርኩት። ገጽ 10 ላይ ኢብራሂምና ሹፌሩ ስለ ሰውዬው ያወራሉ። ጽፌው ሳየው አረፋው ሥዕሉን ሊውጠው ነው።


ሐይቅ ዳር፦

እዚህ ላይ እኔ ልግባ። ሥራዬ ማተሚያ ቤት ገጽ ማቀናበር ነው። አማርኛ ፊደል ጠባብ ቦታ ውስጥ ማስገባት ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ።

የአሜሪካ አርታኢዎች የቆየ ልማድ አላቸው። ስድስት ሳጥን ባለው ገጽ ላይ በአንድ ሳጥን ከ35 ቃል አይበልጥም፣ በአንድ አረፋ ደግሞ ከ25። ይሄን እንዳለ ወደ አማርኛ እንዳታመጣው። የኛ አንድ ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። "አላስከፈልኳቸውም" አንድ ቃል ነው። ግን ምን ያህል ቦታ እንደሚበላ ተመልከት። አረፋው ጠባብ ከሆነ ይሄ ቃል ለሁለት ይሰበርብሃል፣ አማርኛ ደግሞ ቃሉ መሃል ላይ ሲሰበር ዓይን ያደናቅፋል። እኔ የምመክርህ በአንድ አረፋ ከ10 እስከ 12 ቃል እንዳታልፍ ነው። በሳጥን ከ15 ካለፈ ለሁለት ሳጥን ክፈለው። ንግግሩን ቀድመህ ስጣት፣ ሠዓሊዋ ለአረፋው ቦታ ትታ እንድትስል። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ አረፋ የሚለጥፍ ሰው ሁልጊዜ የሰው ግንባር ይሸፍናል።

ቀድሞ የሚናገረው ሰው በግራ ይሁን። እኛ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የምናነበው፣ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ እንዳይነበብ። (መድረሳ የተማሩ ልጆች ያገራችንን ኮሚክ ከቀኝ ሲጀምሩ አይቻለሁ። የጃፓን ኮሚክ ቢሰጧቸው ይቀናቸው ነበር፣ እሱ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው።)

እንግሊዝኛው አረፋ ብዙ ጊዜ በትልልቁ ፊደል ነው የሚጻፈው። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ጩኸት ሲሆን ፊደሉን አወፍረው፣ ሹክሹክታ ሲሆን አሳንሰው። ድምፅ ላይ ግን እኛን የሚያህል የለም። ዷ፣ ጓ፣ ቀጭ፣ ዥው፣ ጠሽ... ሁሉም ያገር ሰው የሚያውቀው ነው። ዝምታ እንኳ አለን። መኪናዋ ስትቆም በጭጋጉ ውስጥ "ጭር" ብለህ በስሱ ጻፍበት።

አሁን አያ ባለ ቡሩሹን ልሞግታቸው። አማርኛ ግሡን በመጨረሻ ነው የሚያመጣው። ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ሰውዬው ምን እንደሆነ አይታወቅም። ይሄ ለኮሚክ ሀብት ነው። አንቱ ገጽ 8ን ያለ ንግግር ነው የተዉት። እኔ ግን ገጽ 11 የመጨረሻው ሳጥን ላይ ኢብራሂምን እንዲህ አስብለዋለሁ፦ "አያ፣ ያንን ሰውዬ እኔ..." ገጹ ይገለጣል። ገጽ 12 ላይ ሌላው ግማሽ፦ "...አውቀዋለሁ።" ፎቶውን ገጽ 2 ላይ ያስተዋለ አንባቢ ማን እንደሆነ ገባው። ያላስተዋለው ወደ ኋላ ተመልሶ ይፈልገዋል። "አባቱን ያጣው በእንዲህ ያለ ምሽት ነው" የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ቦታዋን አገኘች፣ ሳትነገር።

ስለ ወሎዬ አነጋገር ጠይቀሃል። አትፍራ። "አብሽር"ን፣ "ወላሂ"ን፣ "ሸጋ"ን የማያውቅ አማርኛ አንባቢ የለም። የሚከብደው ቃል ከሥዕሉ ይገባዋል። ዋናው ነገር ማን ማንን አንተ፣ ማን ማንን አንቱ እንደሚል አትሳት። ሹፌሩ ኢብራሂምን "ና" ይለዋል፣ ዘንቢል የያዘችውን እናት "ይግቡ" ይላታል። ልጁ የቤተሰብ ይሁን ተቀጣሪ፣ ሹፌሩ ይውደደው ይጥላው፣ በአንዲት ግሥ ታወቀ። ተራኪ አያስፈልግህም። አሁን ደግሞ ልብ በል። 13ኛውን ሰውዬ ልጁ መጀመሪያ "አንተ፣ ሒሳብ!" ብሎ ተቆጥቶ ከጠራው፣ በኋላ "አባባ፣ ይቀመጡ" ካለው፣ ታሪኩ በሙሉ በሁለቱ አጠራር መካከል አለ።

ዘመነኛው፣ ኮሚክ የሚያነብ የለም ላልከው፦ ጀምበር የተባለው የአገራችን ጀግና ኮሚክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ታትሞ ወጥቷል። አንባቢ ባይኖር ማን በሁለት ቋንቋ ይለፋል?


ባለ ቡሩሹ፦

እታለም ሐይቅ ዳር፣ ያቺ "አንተ፣ ሒሳብ!" ገደለችኝ። እጄን ሰጥቻለሁ፣ ገጽ 12 ያንቺ ነው። ገጽ 8 ግን ያለ ንግግር ይቆይ፣ እሱን አልለቅም።


የላስታ ተማሪ፦

ከሩቅ ሆኜ ስከታተል ነበር። ኮሚክ የፈረንጅ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ አንድ ነገር ልጨምር።

የንግሥተ ሳባ ታሪክ በሸራ ላይ ሲሳል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ሳጥን ነው የሚሳለው። ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፣ በየሳጥኑ አጭር ጽሑፍ አለው። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳም እንዲሁ ነው። የበላዔ ሰብን ታሪክ ተመልከቱ። 78 ሰው የበላው በላይ በአንድ በኩል፣ ለምጻሙ ለእመቤታችን ስም ብሎ የለመነው ጥርኝ ውሃ በሌላ በኩል፣ በመጨረሻ ሚዛኑ። ማንበብ የማይችል ሰው ቆሞ ይከታተለዋል። ንግግር የሌለው ገጽ የሚፈራ ጸሐፊ ግድግዳውን ቢያይ ይጠቅመዋል።

ለሠዓሊዋ የሚሆን ደግሞ ይሄ ነው። በአገራችን ሥዕል ጻድቃን ፊታቸው ወደ እኛ ነው፣ ሁለት ዓይን አላቸው። ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን በጎን ነው የሚሳለው፣ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። 13ኛው ሰውዬ መጀመሪያ ላይ በጎን ቢሳል አንባቢው ሳያውቀው ይጠላዋል። ገጽ 12 ላይ ፊቱን ሲያዞር ሁለት ዓይን ይኑረው።


የሐረጎ ተመላላሽ፦

እንዲህ ከሆነማ ገጽ 8 ይለወጣል። ሁሉም ፊት ወደ እኛ፣ እሱ ብቻ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል፣ በጎኑ። ጭጋጉን ነው የሚያየው። አያ ባለ ቡሩሹ፣ ይፈቅዱልኛል?


ባለ ቡሩሹ፦

ፈቅጃለሁ። እንዲያውም አሁን ቆጠራው ይከብዳል፣ አንባቢው ሁለቴ ይቆጥራል። ሸጋ ነው።


ሐይቅ ዳር፦

ሳልረሳው የማተሚያውን ጉዳይ። 16 ገጽ ማለትህ ጥሩ ነው። መሃሉ ላይ በስቴፕል የሚሰፋ መጽሔት በአራት የሚካፈል ገጽ ይፈልጋል፤ 8፣ 12፣ 16፣ 20። ታሪኩ 17 ገጽ ከሆነ ሦስት ባዶ ገጽ ትከፍላለህ። ጥቁርና ነጭ አድርጉት፣ ጭጋግ ቀለም አይጠይቅም። ሽፋኑ ብቻ ባለቀለም ይሁን።

እና ሳትጀምሩ በወረቀት ተስማሙ። ዘመድ ብትሆኑም፣ እንዲያውም ዘመድ ስለሆናችሁ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል አለ፣ የጋራ ሥራ ላይ ሁለታችሁም መብት አላችሁ። ገቢው እንዴት እንደሚከፈል፣ ስም ሽፋኑ ላይ የማን እንደሚቀድም፣ ኢብራሂምን በሌላ ታሪክ ማን ሊጠቀምበት እንደሚችል ጻፉት። ከላይ የአሜሪካኖቹን ጭቅጭቅ ሰምታችኋል።


የአክስቱ ልጅ፦

ሠዓሊዋ እኔ ነኝ። ሊንኩን ልኮልኝ ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። ስልክ የዘጋሁበት ካርድ አልቆብኝ ነው፣ አስመሰለው እንጂ።

አያ ባለ ቡሩሹ፣ ልክ ብለዋል። እኔ ማለት የፈለግሁት እሱን ነበር፣ እንዲህ አድርጎ መናገሩ ነው የጠፋኝ። የላስታው ወንድሜ፣ የዓይኑን ነገር ወስጄዋለሁ።

አሁን የኔን ስሙ። 13 ሰው፣ በዚያ ላይ ሹፌርና ረዳት፣ 15 ሰው ናቸው። በእያንዳንዱ ሳጥን 15 ሰው ከሳልኩ ታፔላ የሚጽፍልኝ ሌላ ሰው ልቀጥር ነው። ሙሉ መኪናውን የምስለው ገጽ 3፣ ገጽ 8 እና ገጽ 12 ላይ ብቻ ነው። በቀረው ቦታ እጅ፣ ጫማ፣ ዘንቢል፣ ስፖኪዮ፣ መስታወት የሚጠርግ እጅጌ እያልክ ጻፍልኝ። የሰዎቹን ንድፍ ደግሞ ከነመቀመጫቸው እስከ እሑድ ላክልኝ፤ ጀሪካኑ ባለ አምስት ይሁን ባለ ሃያ ጨምረህ። ባለ ሃያ ከሆነ ሰውዬው አያቅፈውም፣ እግሩ ሥር ነው የሚያደርገው፣ ያኔ ተማሪዋ የምትቀመጥበት የለም። ስሜ ሽፋኑ ላይ ካንተ እኩል ይጻፋል። የመኪናዋ የፊት መስታወት ላይ ምን እንደሚለጠፍም እኔ ነኝ የምመርጠው፣ እሱን አትጻፍብኝ።